14 ሬሳ ለምን አያስፈራም?

ጥያቄው የመጣው ከአዘዞ፣ ከአንድ የ24 ዓመት ወጣት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«መምህር፣ የአሜሪካዊውን የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ፣ የስቲቨን ኪንግን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ አነባለሁ። ማታ ሳነብ መብራት ማጥፋት ያቅተኛል። እኔም በአማርኛ አስፈሪ ልብ ወለድ ጽፌያለሁ። ታሪኩ የሚፈጸመው እዚሁ ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ነው፤ ሌሊት። መንፈስ አለ፣ ቡዳ አለ፣ ደም አለ፣ እስኪያልቅ 14 ሰው ይሞታል። ለጓደኞቼ ሰጠኋቸው፤ ማንም አልፈራም። እህቴማ ሳቀች። አማርኛ ለአስፈሪ ታሪክ አይመችም ማለት ነው? ወይስ ሰውዬው የሚያውቀው ሌላ ምስጢር አለ? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ልኬልዎታለሁ።»

እህትህ ልክ ናት። ሦስቱን ገጾች አነበብኳቸው፤ እኔም ሁለት ቦታ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። አንደኛው መንፈሱ ከግንቡ ላይ ሲወርድ «ሃ ሃ ሃ» ብሎ የሚስቅበት ነው። መንፈስ ከሳቀ አንባቢም አብሮት ይስቃል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እናቃና። አማርኛ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ቋንቋ ነው ባይ ነኝ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ኪንግ የሚያስፈራህ በጭራቆቹ ይመስልሃል። ጭራቆቹን ለብቻ ነጥለህ እያቸው እስኪ። ደም መጣጭ፣ የተረገመ ሆቴል፣ ያበደ ውሻ። ሌሎች ቀድመውት ደጋግመው ጽፈዋቸዋል። እሱ የሚለየው ጭራቁ የሚመጣበትን ቤት አስቀድሞ ስለሚያስወድድህ ነው።

«ኩጆ»ን ውሰድ፤ 1981 የወጣ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። አንዲት እናትና የአራት ዓመት ልጇ የተበላሸ መኪና ውስጥ ታግተዋል፤ ውጭ ያበደ ውሻ አለ። በቃ። ግን ኪንግ እነሱን እዚያ መኪና ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ብዙ ገጽ ይፈጃል። የባልየው ሥራ ሊወድቅ ደርሷል። ሚስትየው ከሌላ ሰው ጋር ነገር ነበራት፤ ተነቅቶባታል። መኪናዋ ካርቡረተሯ ሲያስቸግራት ሰንብቷል። ባልየው ሥራውን ለማዳን ሌላ ከተማ ሄዷል። ውሻው ራሱ ክፉ አልነበረም። ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር ያደገ፣ ግዙፍና የዋህ ውሻ ነው። ጥንቸል ሲያባርር የሌሊት ወፍ አፍንጫውን ነከሰችው። ያስከተበው ሰው የለም።

አንድ በአንድ እያቸው። ተአምር የለባቸውም። «ነገ አደርገዋለሁ» ተብለው የታደሩ ነገሮች ናቸው። መኪና ነገ ይሠራል፣ ውሻ ነገ ይከተባል። ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም፤ ማንኛችንም ሰፈር ውስጥ ያልተከተበ ውሻ አለ። መኪናዋ ከከተማ ወጣ ያለ ጋራዥ ግቢ ገብታ ቀጥ ስትል፣ አንተ እነዚህን ሰዎች እንደ ጎረቤት አውቀሃቸዋል። ልጁ «ውሃ» ሲል ያንተም ጉሮሮ ይደርቃል።

ምስጢር ካልከኝ ምስጢሩ ይኸውልህ። በአማርኛ «ፈራሁት» እና «ፈራሁለት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንተ የጻፍከው አንባቢው መንፈሱን «ፈራሁት» እንዲል ነው። ኪንግ ልጁን «ፈራሁለት» ያሰኝሃል። ለማያውቀው ሰው የሚፈራ አንባቢ የለም። በሦስት ገጽ ውስጥ አራት ሰው ገደልክ። የአንዱን ስም ብቻ አውቃለሁ፤ እሱንም የነገርከኝ ከሞተ በኋላ ነው።

ሰውዬው ቤቱን ከየት አመጣው ብትል፣ ኖሮበት ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ካሪ» 1974 ከመታተሙ በፊት ኪንግ ሜን በምትባለው ግዛት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ተጎታች ቤት ውስጥ ነበር የሚኖረው። የሚጽፈው ልብስ ማጠቢያው ባለበት ጠባብ ክፍል፣ የሚስቱን ታይፕ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው። የ«ካሪ»ን የመጀመሪያ ገጾች ጥሏቸው ነበር። ሚስቱ ታቢታ ከቆሻሻ ቅርጫት አንስታ አነበበቻቸውና ቀጥል አለችው። «ፔት ሴመተሪ» (1983) ደግሞ ከአንድ ኪራይ ቤት የመጣ ነው። ቤቱ ከባድ መኪና የሚበርበት መንገድ ዳር ነበር። የሴት ልጁን ድመት መኪና ገጨባት። የሰፈሩ ልጆች የእንስሳት መቃብር ነበራቸውና እዚያ ተቀበረች። ሌላ ቀን ትንሹ ልጁ ወደዚያው መንገድ ሮጠ፤ ለጥቂት ነው የተረፈ። መጽሐፉ ከዚያች «ለጥቂት» ውስጥ ነው የወጣው። አዘዞ ዋናው መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ይህን ያውቃል። እናቶች ሲኖትራክ በሩቁ ሲሰሙ ልጅ ሲጠሩ እንዴት እንደሚጠሩ ታውቃለህ። ያ ጥሪ እያለልህ ነው አንተ ግንብ ላይ የወጣኸው።

ስለ ግንቡም ካነሳን፣ ጎንደሬ ፋሲል ግቢን አይፈራም። የድንጋይ አጥሩ 400 ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ግን በሥሩ ስናልፍ ነው ያደግነው። ተማሪ ሆነን ተሰልፈን ጎብኝተነዋል፣ ሙሽራ ፎቶ ሲነሳበት አይተናል። በጨለማ ግንብ የሚፈራው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። አንተ ደግሞ የምትጽፈው ለእኛ ነው። እኛ የምንፈራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚጮኽ ስልክ ነው። ሲጮኹ ያመሹ የሰፈር ውሾች ሁሉም እኩል ዝም ሲሉ ነው። ኪንግ የተረገመ ሆቴል የጻፈው፣ በ1974 ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆቴል አድሮ ነው፤ ያም ሆኖ በ«ዘ ሻይኒንግ» ልብ የሚያርደው ሆቴሉ ብቻ አይደለም። አባትየው ነው። ጠጪ ነው፣ ልጁን ይወዳል፣ አንድ ጊዜ ተናዶ የልጁን ክንድ ሰብሯል። ኪንግ ያኔ ራሱ ጠጪ ነበር፤ ስለ ራሱ እየጻፈ መሆኑን ያወቀው ቆይቶ እንደሆነ ተናግሯል።

ወደ ደሙ እንምጣ። ኪንግ በ1981 «ዳንስ ማካብር» የሚባል፣ ስለ አስፈሪ ታሪኮች የሚያወራ መጽሐፍ አውጥቷል። እዚያ ላይ ነገሩን በሦስት ደረጃ ያስቀምጠዋል። የላይኛው ስጋት ነው፤ ገና ምንም ሳታይ። ቀጥሎ ያለው ነገሩን ስታየው የሚመጣው ድንጋጤ ነው። የመጨረሻው ማቅለሽለሽ ነው፤ አንጀት፣ ትል፣ ደም። መጀመሪያ የላይኛውን እሞክራለሁ፣ ካልሆነልኝ ወደ ሁለተኛው እወርዳለሁ፣ እሱም እምቢ ካለኝ ሦስተኛውን አልንቅም ይላል። አንተ ከሦስተኛው ጀመርክ። ከታች የጀመረ ሰው የሚወርድበት የለውም፤ ስለዚህ በየገጹ ሬሳ መጨመር ግድ ሆነብህ። አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ደፍሮ አይነግርህም። በቅርብ ዓመታት በዚህ አካባቢ ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። አንባቢህ መካከል የራሱን ሰው የቀበረ አለ። እሱ የሬሳ ቆጠራ ስታሳየው አይፈራም። ገጹን ይዘጋዋል።

ጭካኔ ማሳየት ካለብህም ሰዋዊ ነገር አብረህ ስጥ። «ሚዘሪ» (1987) ውስጥ አንድ ደራሲ መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ተሰባብረዋል። ያነሳችው የቀድሞ ነርስ ናት፤ ድርሰቶቹን አብዝታ የምትወድ። ቤቷ ዘግታበት ታስታምመዋለች። ይህቺ ሴት ስድብ አትወድም። አዲሱ ድርሰቱ ውስጥ ባለጌ ቃል በዛ ብላ ትቆጣዋለች። ቆይታ እግሩን በመጥረቢያ ትቆርጠዋለች። የሚያርደኝ መጥረቢያው ብቻ አይደለም፤ ብልግና የሚያስጠላት ሴት መሆኗ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። ቤተሰብ ውስጥ አንድ አይጠፋም።

አሁን ወደ አማርኛ። «አይመችም» የሚለውን ከብዙ ጀማሪ ሰምቻለሁ፤ ግራ ይገባኛል። «ኮሽ አለ» የሚል ቋንቋ ይዘህ? ሁለት ቃል ነው። ማን እንደሆነ አይናገርም፣ ምን እንደሆነ አይናገርም። ሰው ግን ጆሮውን ያቆማል። ጭር አለ። ሲጥ አለ። እልም አለ። ክው አለ። አያቶቻችን ማታ ሲያወሩ በእነዚህ ነው ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚያስገቡት። አንተ በሦስት ገጽ አንድም «ኮሽ» የለህም። «ከፍተኛ ድምፅ ተሰማ» ብለሃል። ይሄ የዜና አማርኛ ነው።

ግሳችን መጨረሻ ላይ መምጣቱም ሌላ ስጦታ ነው። ይህን አንብብ፦ «እናቴን ቀብረን ሣልስቷን ባወጣን ማታ፣ ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠን ሳለ፣ የጓዳውን በር ከውስጥ ዘጋችው።» ባለቤቱ የት አለ? አልተጻፈም። ያለችው «ች» ብቻ ናት። አንባቢው ስለ ለቅሶ ቤት እየሰማ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ በአንዲት ፊደል ጓዳ ውስጥ ማን እንዳለች ይገባዋል። «በድንገት» አላልኩም። «አስፈሪ» አላልኩም። አንተ «በድንገት»ን 11 ጊዜ ተጠቅመሃል፤ ቆጥሬዋለሁ። «አስፈሪ»ን መቁጠር ተውኩት። ነገሩን ካሳየህ በኋላ «አስፈሪ ነበር» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንተና እርስዎም አሉልህ። ዕድሜህን ሙሉ «አንተ» ስትልህ የኖረች እናትህ አንድ ጠዋት ቁርስ አቅርባ፣ ዓይን ዓይንህን እያየች «እርስዎ አይበሉም?» ብትልህስ? አንዲት ትንሽ ጨዋታ ልጨምርልህ። ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም። «አባዬ አለ» ብለህ ጻፍ። ላላ አድርጎ ላነበበው፣ ልጁ «አባዬ» ብሎ ተናገረ ማለት ነው። ጠበቅ አድርጎ ላነበበው፣ አባትየው እዚያው አለ። አባትየው የሞተ ከሆነ አስበው። ይቺን ግን በአንድ ታሪክ ከአንዴ በላይ አትንካት፤ ብልጣብልጥነት ትሆናለች።

የሚቀጥለው ምክር ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። ገጽ 3 ላይ ቡዳው የሚመጣው ከሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው። ይህን አውጣው። እዚህ አገር ቡዳ ሲባል የኖረው መንፈስ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ነበር። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ። ከከተማችን በስተሰሜን ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በሸክላዋ ነው የምትታወቀው። በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ ሰዎች «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባለ ስንት ነገር ችለዋል። ያንን ስም በልብ ወለድ ስታድሰው ጉዳቱ ከወረቀቱ ይወጣል። ይልቅ ኪንግ በ«ካሪ» ያደረገውን ተመልከት። ኃይል ያላት ልጅቷ ናት፤ ከተማዋን ታቃጥላለች። አንባቢው ግን የሚቆረቆረው ለእሷ ነው፤ ሲያሾፉባትና ሲያዋርዷት የኖሩትን አይቷልና። አንተስ ታሪኩን ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጓዳ ብትጀምረው? ሰፈር ውስጥ ሕፃን ታመመ። ማታ ሰዎች ዱላ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። ልጅቷ በቀዳዳ ታያቸዋለች፤ ከፊት የቆመው ትናንት ጀበና የገዛቸው ሰውዬ ነው። ያን ጊዜ «ፈራሁላት» ትላለህ፤ መንፈስም አላስፈለገህ።

ኪንግንም ቢሆን እንዳለ አትቅዳው። ታሪኩን አስቀድሞ አይነድፍም፤ አንድ ሁኔታ ይዞ ሰዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ እያየ ይጽፋል። ለእሱ ይሠራል። ጀማሪ እንዲህ ሲያደርግ ግን ብዙ ጊዜ መሐል ላይ መንገድ ይጠፋዋል፤ የእሱም መጨረሻዎች ደከም ይላሉ የሚል ወቀሳ አለባቸው፣ እኔም አንዳንዶቹ ላይ እስማማለሁ። ርዝመቱንም ተወው። «ኢት» ከ1,000 ገጽ በላይ ነው። በዛሬው የወረቀት ዋጋ ያንን የሚያሳትምልህም የሚገዛህም አታገኝም። እሱ ራሱ ከ«ካሪ» በፊት አጫጭር ታሪኮችን ለመጽሔት እየሸጠ ነው ቤት ኪራይ የሞላው። የአሜሪካ ዕቃ መደርደሩንም አትቅዳ። እሱ የመኪናና የለስላሳ ስም የሚጠራው ቤቱ እውነተኛ እንዲመስል ነው። ያንተ ቤት ቢጫ ጀሪካን፣ የቆጣሪ ካርድ፣ ሰሌን እና በሩ የማይገጥም ቁም ሣጥን አለው።

ስለዚህ የምመክርህ ይህን ነው፤ ሌላ አማራጭ አልሰጥህም። የ14 ሬሳውን ልብ ወለድ መሳቢያ ውስጥ ዝጋበት። ከ15 ገጽ የማይበልጥ አጭር ታሪክ ጻፍ። አንድ ቤት፣ ከአራት የማይበልጥ ሰው፣ ቢበዛ አንድ ሞት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች ላይ አንዲት ነገር ብቻ ትዛነፍ፤ የቀረው ኑሮ ይሁን። ማን ከማን ተኳርፏል፣ ማን ብድር አለበት፣ ማን ማንን ይወዳል።

ግንቡን አልተውም ካልክም መንፈሱን ተውና ዘበኛውን ያዝ። እንዲህ፦

«ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ፔርሙዙን ከፈቱ። ሻይ በሁለት ኩባያ ቀዱ። አንዱን ያዙ። ሌላውን ወዲያ አሻግረው አስቀመጡና፣ ‹ይጠጡ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል› አሉ።»

ይህ የሚሠራው ጋሼ ለብቻቸው እንደሚያድሩ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ገጾች አንባቢው ካወቀ ነው። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ገንዘብ እንደጎደላቸው ካወቀ ነው። ያኔ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። አንድ ሽማግሌ «ይጠጡ» የሚሉት በዕድሜ ወይም በክብር ለሚበልጣቸው ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ፣ በዚያ ሰዓት፣ ማን ይበልጣቸዋል? አንተ መልስ አትስጥ።

ጽፈህ ስትጨርስ አትንካው። ኪንግ በ2000 ባወጣው «ኦን ራይቲንግ» ቢያንስ 6 ሳምንት አስቀምጡት ይላል፤ የራስህን ጽሑፍ እንደ ሌላ ሰው ማንበብ የምትችለው ያኔ ነው። ከዚያ 10 በመቶውን ቁረጥ። ይህን ቀመር ወጣት ሳለ ታሪኩን ከመለሱለት አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ነው ያገኘው። ምኑን ልቁረጥ ካልክ እህትህ አለችልህ። ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ድምፅህን ሳትቀይር አንብብላት። ስልኳን መቼ እንደምታስቀምጥ አይተህ እዚያ ገጽ ላይ ምልክት አድርግ። መልሳ ያነሳችበትንም አስምርበት፤ የሚቆረጠው እዚያ አካባቢ ነው ያለው።